«አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ከማለታችን በፊት



አባቴ በጉልምስናቸው ዘመን በቅሎ ጭነው በእግራቸው ከቢቸና ሞጣ የሚመላለሱ ነጋዴ ነበሩ። ሲያረጁ እኔ ወደማስተምርበት ወደ ሞጣ አመጣኋቸው፤ ከዚያም በፍቅር ስም ሥራውን ሁሉ ከለከልኳቸው። እንጨት ሊፈልጡ ሲነሱ «አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛ ምን ሠራን?» እንላለን። የውዱእ ውኃ እተቀመጡበት ይቀርባል። «ዛሬ ብርድ ነው» እያልንም ከመስጂድ አስቀረናቸው።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንድ ማለዳ «በቅሎዋን ውኃ አጠጣሃት?» አሉኝ። በቅሎዋ ከሞተች ዘመን የላትም። ቆይተውም እኔን በሟቹ አጎቴ ስም ይጠሩኝ ጀመር። ጎረቤቱ «ጃጅተዋል፤ የዕድሜ ነገር ነው» አለ። እኔን ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ይህን ያመጣው ያ መቀመጥ ይሆን?

ጡንቻ ለአንጎል የሚልከው መልእክት

የጡንቻ ሥራ መሸከምና መራመድ ብቻ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጡንቻ ሲሠራ ወደ ደም የሚለቀውን አንድ ሆርሞን ይፋ አደረጉ። በጥንታውያን ግሪኮች ተረት የመልእክተኛ ስም ከሆነው ከአይሪስ ወስደው «አይሪሲን» አሉት። በ2019 የብራዚል ተመራማሪዎች የመርሳት በሽታ ዋነኛ መንስኤ በሆነው በአልዛይመር በተያዙ ሰዎች አንጎል ውስጥ ይህ ሆርሞን አንሶ አገኙት። አይጦችን ሲያስዋኟቸው የማስታወስ ችሎታቸው ከበሽታው ጉዳት ተጠበቀ፤ አይሪሲን እንዳይሠራ ሲታገድ ግን የዋናው ጥቅም ቀረ። በ2021 ደግሞ ሆርሞኑ ከደም ተሻግሮ አንጎል እንደሚደርስ በአይጦች ታየ።

በሰውስ? በ2011 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 120 አረጋውያን ተሳትፈዋል። በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ የተራመዱት፣ ከዓመት በኋላ ትውስታን የሚያኖረው የአንጎላቸው ክፍል 2 በመቶ ያህል ጨመረ። ሰውነታቸውን በማፍታታት ብቻ የቆዩት ግን ይኸው ክፍል ቀነሰባቸው።

እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። እነዚያ አረጋውያን የመርሳት በሽታ ያልያዛቸው ነበሩ። በ2018 ውጤቱ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት በሽታው የያዛቸውን ሰዎች ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ቢያሠራ፣ አቅማቸው ጎለበተ እንጂ መርሳቱ አልዘገየም። እርምጃ አስቀድሞ የሚያዝ ጥንቃቄ እንጂ ከመጣ በኋላ የሚያድን መድኃኒት አይደለም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

በ2024 የታወቁ የዓለም ሊቃውንት ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡ፣ ሰው ሊከላከላቸው የሚችላቸው 14 ነገሮችን ዘርዝረዋል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የጆሮ መድከም፣ ብቸኝነትና አለመንቀሳቀስ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ስለዚህ አባቴን መቀመጥ ብቻ አስረሳቸው ልል አልችልም። ግን እኔ መቀመጥንም ብቸኝነትንም ባንድ ላይ እንደሰጠኋቸው ይገባኛል። መስጂድ የከለከልኳቸው እርምጃውን ብቻ ሳይሆን እኩዮቻቸውንም ጭምር ነበር።

አሁን በዐስር ሰዓት ክንዳቸውን ይዤ ወደ መስጂድ እንሄዳለን። ስሜ አልተመለሰላቸውም። መንገድ ላይ ሰላም የሚሏቸውን ሽማግሌዎች ሲያዩ ግን ፊታቸው ይበራል።

ቢቸና ያለችው አክስቴ ዛሬም ገበያዋን በእግሯ ትወጣለች። ልጆቿ «ይበቃታል፤ አንተ ዘንድ ትረፍ» ብለው ላኩብኝ። «ግፊቷንና ስኳሯን አስመርምሩ፤ ሸክሙን ተቀበሏት፤ መንገዱን ግን አትቀሟት» አልኳቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም አረጋውያን እንደ አቅማቸው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል።

ውድ አንባቢ፣ ወላጅህን ማክበር ማስቀመጥ ብቻ አይምሰልህ፤ አብሮ መራመድም ማክበር ነው። አላህ ወላጆቻችንን በጤና ያቆይልን። አሚን።