በመተማና በገዳሪፍ መካከል ያለው ድንበር ስንት ነው?

«ቦርደር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትምህርት ቤት «ድንበር» ብለን ተምረነዋል። ትርጉሙ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። የነጠላ ጥለት፣ የመጽሐፍ ገጽ ክፈፍ፣ በግቢ ዳር የተተከለ የአበባ መደብ በእንግሊዝኛ ሁሉም ቦርደር ይባላሉ፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ ዳር፣ ጠርዝ ማለት ነው። በአገሮች ጉዳይ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ነገር ይሸከማል፦ በካርታ ላይ የተሰመረውን መስመር፣ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ የተዘረጋውን ምድር፣ ሰውና ዕቃ የሚፈተሽበትን መግቢያ። ቀያሾችና የሕግ ሰዎች መስመሩን ብቻ ለመጥራት ሲፈልጉ «ባውንዳሪ» ይላሉ። «ፍሮንቲየር» ግን ከግንባር ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው፤ በቀድሞ አጠቃቀሙ አንዱ መንግሥት ፊቱን ወደ ሌላው አዙሮ የቆመበትን ሰፊ ቀጣና ያመለክታል።

አማርኛም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ወሰን «ወሰነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ አንድ ሥልጣን ያለው አካል የቆረጠው ልክ ነው። ጠረፍ ደግሞ የአገሩ ዳርቻ ነው፤ ቆላው፣ ማሳው፣ ገበያውና የሚመላለሰው ሰው ሁሉ በዚያ ውስጥ አለ። ኬላ መፈተሻው ነው። ድንበር የሚለው ቃል ሦስቱንም በአንድ ላይ ይጠቀልላል። በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል፣ በተለይም በመተማና በገዳሪፍ በኩል፣ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ክርክር በዚህ መጠቅለል ክፉኛ ተጎድቷል ብዬ አምናለሁ። አንዱ ወገን ስለ ወሰን ሲናገር ሌላው ስለ ጠረፍ ይመልሳል፤ በመካከል ገበሬው ማሳውን ያጣል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ ምድር ወሰን አልነበረም፤ ጠረፍ ግን ነበር። ከዳርፉርና ከዚያም ከማዶ መጥተው ከመተማ ፊት ለፊት ባለው ጋላባት ላይ የሰፈሩት ተክሩሮች ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብሩ ነበር። ዛሬ ይህ ክህደት ሊመስለን ይችላል። ያን ጊዜ ግን ከደጋ የሚወርደውና ከሱዳን የሚመጣው ነጋዴ የሚገናኝበት ገበያ እንዲኖር ያደረገው ይኸው ለሁለት መገበር ነው። መጋቢት 1889 (እ.ኤ.አ.) አጼ ዮሐንስ 4ኛ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ተዋግተው የወደቁት በዚሁ ስፍራ ነው፤ የኢትዮጵያው ከተማም መተማ ዮሐንስ ይባላል። ያ ውጊያ እንኳ የሃይማኖት፣ የበቀልና የግዛት ውጊያ ነበር እንጂ አንድ መስመር የት ይለፍ በሚል የተነሳ አልነበረም።

መስመሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግንቦት 15 ቀን 1902 (እ.ኤ.አ.) አጼ ምኒልክና የብሪታንያው ተወካይ ጆን ሐሪንግተን አዲስ አበባ ላይ ውል ፈረሙ። የእንግሊዝኛው ቅጂ በአንደኛው አንቀጽ ፍሮንቲየር የሚለውን ቃል ይጠቀምና በካርታው ላይ በቀይ የተሰመረው መስመር ነው ብሎ ይፈታዋል። ሁለተኛው አንቀጽ ያንኑ ነገር ባውንዳሪ ብሎ ጠርቶ የጋራ ኮሚሽን በመሬት ላይ እንዲያመለክተው ያዛል። ለዘመናት ቀጣና ሆኖ የኖረው ጠረፍ በሁለት አንቀጽ ውስጥ ቀጭን መስመር ሆነ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ወሰን መቁረጥና በመሬት ላይ ማካለል ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ሁለተኛው በሚገባው መንገድ አልተፈጸመም። በ1903 የብሪታንያው ሻለቃ ቻርለስ ግዊን ምልክቱን ያቆመው ከኢትዮጵያ በኩል አብሮት የሚያካልል ተወካይ ሳይኖር ነው። ውሉ የጋራ ኮሚሽን ብሎ ስለነበር የኢትዮጵያ ወገን ቅሬታ ከዚሁ ይነሳል።

እንዲያም ሆኖ በሐምሌ 1972 (እ.ኤ.አ.) ሁለቱ መንግሥታት በተለዋወጡት የስምምነት ደብዳቤ የግዊንን መስመር በመሠረቱ ተቀበሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ሰነድ ከሚባልለት በላይ አስተዋይ ነው። መስመሩን ለብቻው አስቀምጦ፣ የአንዱ አገር ዜጎች በሌላው ምድር ስለ መስፈራቸውና ስለ ማረሳቸው የሚያጠና ልዩ የጋራ ኮሚቴ እንዲቋቋም ተስማማ። ወሰኑን ከጠረፉ ለየ ማለት ነው። ጥናቱ ግን ከዳር አልደረሰም። በአትባራ፣ በሰቲትና በአንገረብ ወንዞች መካከል ያለው የአልፋሽጋ ዋልካ መሬት ለሰሊጥና ለማሽላ የተመቸ በመሆኑ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ማረሳቸውን ቀጠሉ፤ የገዳሪፍ ገበሬዎች ደግሞ ተነጠቅን አሉ። በ2020 መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲጀመር የሱዳን ጦር አብዛኛውን አልፋሽጋ ያዘ። ካርቱም በወሰኔ ውስጥ ነው የቆምኩት አለች፤ አዲስ አበባ የነበረው ሁኔታ ይመለስ አለች። መልሶቹ ከተመዘኑ አንዱ ሌላውን አይነካም፤ የመጀመሪያው ስለ መስመር፣ ሁለተኛው ስለ አኗኗር ነው።

በዚያው ወቅት ይኸው ድንበር ለሌሎች ሰዎች በር ነበር። ከጦርነቱ የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሐምዳይት በኩል ተሻግረው በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱነይድባ ተጠለሉ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ጉዞው ተገለበጠ፤ ከካርቱም የወጣው ሰው በገዳሪፍና በጋላባት አድርጎ መተማ ገባ። በሩ እንዲከፈት የግዊን ምልክት እስኪጣራ የጠበቀ የለም፤ መጠበቅም አልነበረበትም።

ጦር የሚያንቀሳቅሰው የሰሊጥ ዋጋና የመንግሥታት ጉልበት እንጂ ቃል አይደለም የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ነገር ግን ጉልበት ያመጣው ነገር ሁሉ በመጨረሻ ወደ ውል ይመጣል፤ ውሉ ሦስት ነገሮችን በአንድ ስም ከጠራ ቀጣዩ ጠብ በውስጡ ተጽፎ ይቀመጣል። የሚበረታው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የእርሻ መብትን ከወሰን መለየት ሉዓላዊነትን ይሸረሽራል፣ ዛሬ የሚያርስ ነገ የእኔ ነው ይላል የሚለው። ለዚህ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጠረፍ ያለው የሐውድ ግጦሽ ምድር ታሪክ ይጠቀሳል። በ1954 ብሪታንያ የኢትዮጵያን ሉዓላዊነት ተቀብላ የሶማሊ አርብቶ አደሮችን የግጦሽ መብት አስጠበቀች፤ ሶማሊያ በ1960 ነፃ ስትወጣ ዝግጅቱ ፈረሰ። ሐውድ ላይ ግን አዲሱ መንግሥት ወሰኑን ራሱን አልተቀበለም ነበር። በገዳሪፍ በኩል መሠረቱ በ1972 ተጥሏል፤ የጎደለው በጋራ ማካለሉና የአራሾቹ ጉዳይ ነው። የአፍሪካ መንግሥታት በ1964 ካይሮ ላይ በነፃነት ጊዜ የነበሩትን ወሰኖች ለማክበር ተስማምተዋል፤ በዚያው ወሰን አሻግሮ ማረስንና መነገድን የሚከለክል ግን አልጻፉም።

ስለዚህ ቀጣዩ የጋራ ኮሚሽን ቀያሾቹን ወደ መስመሩ ሲልክ፣ የእርሻውን ጉዳይ ለእነርሱ አደራ መስጠት የለበትም። ሰሊጥ ሲደርስ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ከቆባው ይረግፋል፤ በመተማም በገዳሪፍም አጨዳው የሚደርሰው በአንድ ወቅት ነው፤ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም በሁለቱም በኩል ይፈለጋል። ይህ ሠራተኛ በስሙ የተሰጠ ወቅታዊ የመሻገሪያ ወረቀት፣ ደመወዙን የሚጠይቅበት ሕጋዊ ቦታና ካላዛር ሲይዘው የሚታከምበት ጤና ጣቢያ ያስፈልገዋል። እነዚህን ለመስጠት አንድ የወሰን ድንጋይ እንኳ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፤ በመጪው አጨዳም ሊጀመር ይችላል።