ጎልድ ዊንግ፣ ቢኤምደብሊው ወይስ ሃርሊ? ረጅም መንገድ ላይ ማን ይቀድማል?

ኳስ ተመልካች ስለ ፍጥነት ሲከራከር ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ወደ ክንፍ ነው። መስመሩን ይዞ ተከላካዩን አቁሞት ለሚሄደው እናጨበጭባለን። መሐል ሜዳ ላይ ኳስ እየነጠቀ፣ ክፍተት እየደፈነ 90 ደቂቃ ሙሉ የሚለፋውን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሬያል ማድሪድም አላየውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ዴቪድ ቤካምን አምጥቶ ክላውድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠው። በዚያው ዓመት የላሊጋ ሻምፒዮን ነበር። ከዚያስ? እነ ዚዳን፣ ፊጎ፣ ሮናልዶና ቤካም አንድ ላይ ተሰልፈውም ላሊጋውን ማንሳት አልቻሉም። ቀጣዩ ዋንጫ የመጣው በ2007 ነው።

ይህን ያነሳነው ስለ ዝውውር ልናወራ አይደለም። በትላልቆቹ የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክሎች ዓለምም ተመሳሳይ ክርክር አለ። "የማን ሞተር ይፈጥናል?" ሲባል ሁሉም የሚያየው የፍጥነት መቁጠሪያውን ነው። የማኬሌሌን ሥራ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ስሙ ምቾት ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

300ን ያለፈው ጭልፊት

የፍጥነቱ ነገር ጣሪያ የነካው በ1999 ነው። ሱዙኪ ያን ዓመት "ሐያቡሳ" የተባለውን 1300 ሲሲ ሞተር ይዞ ብቅ አለ። ሐያቡሳ በጃፓንኛ የጭልፊት ዓይነት ነው፤ ሞተሩም እንደ ስሙ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በረረ። የአውሮፓ መንግሥታት እገዳ ይዘው ይመጣሉ የሚል ስጋት ነበርና ትላልቆቹ አምራቾች ነገሩን በጨዋ ስምምነት ቋጩት፤ ቀጣዮቹ ሞተሮቻቸው 299 ላይ ተገደቡ።

ታዲያ 299 ለመንገደኛ ምን ይፈይድለታል? እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ምንም! ምክንያቱ ነፋስ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የነፋስ ግፊት 4 እጥፍ ይሆናል፤ ነፋሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ 8 እጥፍ። ሞተሩ ይህን ሊችል ይችላል። የሚነዳው ሰው ግን ደረቱ፣ አንገቱና ጆሮው የሥጋ ናቸው። በእሽቅድምድም ሞተር ላይ ታንኩን አቅፎ፣ ክብደቱን አንጓው ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ መንገዱን ትቶ ወገቡን ነው የሚያዳምጠው።

ሒሳቡን እንሥራው

ነገሩ እንዲገባን ሁለት ነጂዎችን በሐሳብ እናሰልፍ። ርቀቱ 800 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ መቐለ ትንሽ ይበልጣል። የመጀመሪያው በእሽቅድምድም ሞተር በ140 ይነዳል። ነዳጁ ቶሎ ያልቃል፣ ሰውነቱም ቶሎ ይዝላል። ስለዚህ በየ150 ኪሎ ሜትሩ ለ25 ደቂቃ ይቆማል። ሁለተኛው በትልቅ የጉዞ ሞተር፣ በሰፊ ወንበር፣ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ በ110 ይነዳል። የሚቆመው በየ300 ኪሎ ሜትሩ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ላይ የሚያጠፋው 5 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ነው፤ አምስት ጊዜ ሲቆም 125 ደቂቃ ይጨመርበታል። ጠቅላላው 7 ሰዓት ከ48። ሁለተኛው 7 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ይነዳል፣ ሁለት ጊዜ ሲቆም 30 ደቂቃ። ጠቅላላው 7 ሰዓት ከ46። አዎ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ዝግ ብሎ የነዳው በ2 ደቂቃ ቀደመ! በዚያ ላይ አንዱ እያነከሰ ሲወርድ ሌላው ቡናውን አዝዞ ይጠብቀዋል።

ሦስቱ ተፋላሚዎች

አሁን ወደ ሜዳው እንግባ። የሆንዳው ጎልድ ዊንግ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1974 ኮሎኝ ላይ ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ በነዳጅ ቀውሱ ምክንያት የመንገድ ፍጥነትን በ55 ማይል፣ ማለትም በ88 ኪሎ ሜትር ገድባ ነበር። የመጀመሪያው ጎልድ ዊንግ 1000 ሲሲ ሆኖ ራቁቱን ነበር የመጣው፤ የነፋስ መከላከያም ሆነ ሻንጣ አልነበረውም። የረጅም ጉዞ ንጉሥ ያደረጉት ገዢዎቹ ናቸው። ክሬግ ቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሠራውን የነፋስ መከላከያ እየገዙ ገጠሙለት፣ ሻንጣ አንጠለጠሉበት። ሆንዳ ደጋፊው ምን እንደሚፈልግ ገባውና በ1980 መከላከያውንም ሻንጣውንም ከፋብሪካ ገጥሞ አወጣ። በ1988 ስድስት ሲሊንደርና የኋላ ማርሽ መጡ። በ2006 በዓለም የመጀመሪያው የፋብሪካ ሞተር ሳይክል ኤርባግ ተጨመረ። በ2018 ሙሉ በሙሉ ተቀይሮ 1833 ሲሲ ከ125 የፈረስ ጉልበት ጋር ይዞ መጣ። በ2025 ደግሞ 50ኛ ዓመቱን አክብሯል።

ሚስጥሩ ሞተሩ ላይ ነው። ስድስቱ ፒስተኖች ሦስት ሦስት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። አንዱ ሲወጣ የፊት ለፊቱ አቻውም ስለሚወጣ ንዝረታቸው እርስ በርስ ይጣፋል። ክብደቱም ወደ መሬት ቀርቦ ይቀመጣል። ከኋላ የሚፈናጠጠው ሰው የክንድ መደገፊያ ያለው፣ ሳሎን ቤት ያለ የሚመስል ወንበር አለው። ከፍተኛ ፍጥነቱስ? በ180 አካባቢ ተገድቧል። ለሐያቡሳ ይህ ማሟሟቂያ ነው።

ጀርመኖቹ መልሳቸውን የላኩት በ2010 ነው፤ ቢኤምደብሊው ኬ 1600። እዚህ ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል። 1649 ሲሲ፣ 160 የፈረስ ጉልበት፣ ፍጥነቱ ከ200 በላይ። አንዳንድ የአውቶባን ክፍሎች የፍጥነት ገደብ የላቸውም፤ የሚመከረው 130 ቢሆንም 180 ላይ የሚሄድ መኪና ብርቅ አይደለም። ለዚያ መንገድ የተወለደ ሞተር ሌላ ሊሆን አይችልም። ለጉዞ በተለይ የተዘጋጀው ጂቲኤል 26 ሊትር ተኩል ነዳጅ ይይዛል። የጎልድ ዊንግ ሰልባትዮ 21 ሊትር ነው። የጀርመኑ ፍጆታ ትንሽ ከፍ ቢልም አንድ ማደያ ዘሎ ያልፋል። ክብደቱም ከጎልድ ዊንግ 30 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል፤ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው የአሜሪካው አንጋፋ ሃርሊ ዴቪድሰን ነው። ኤሌክትራ ግላይድ በ1965 ሲወጣ ስሙን ያገኘው በኤሌክትሪክ ስለሚነሳ ነው፤ ከዚያ በፊት ትልቁን ሃርሊ ለማስነሳት በእግር መርገጥ ግድ ነበር። ሁለት ሲሊንደር ብቻ ነው ያለው፣ ትልልቆቹ ሞዴሎች ደግሞ ከ400 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። በቁጥር ከሄድን ከሁለቱ ጋር አይወዳደርም። ግን ጉልበቱን የሚሰጠው በዝቅተኛ ዙር ነው፤ በ100 ስትሄድ ማርሽ ሳትነካ ከባድ መኪና ትቀድማለህ። ድምፁም አለ። ኩባንያው በ1994 የሞተሩን ድምፅ እንደ ንግድ ምልክት ሊያስመዘግብ አመልክቶ በ2000 ማመልከቻውን አንስቷል። የሃርሊ ደጋፊ የውጤት ሰንጠረዥ አይቶ የሚደግፍ አይደለም፤ ክለቡ ቢወርድም አብሮ የሚወርድ ነው።

ምቾትም ዋጋ ያስከፍላል

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ የለበትም። ምቾት የሚሰጠው ነገር ሁሉ ለፍጥነት ጠላት ሊሆን ይችላል። ትልቁ መስታወትና ከኋላ ከፍ ብሎ የተጫነው ሻንጣ ነፋስ ይይዛሉ። ፍጥነት ከልክ ሲያልፍ ሞተሩ እንደ ዓሣ ጭራ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ሊጀምር ይችላል። የተሳሳተ ጭነትና ያለቀ ጎማ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ለዚህ ነው ሻንጣ ሲጫን ከዚህ ፍጥነት አትለፉ የሚል ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው። ማኬሌሌን አጥቂ አድርገህ አታሰልፈውም፤ ጎልድ ዊንግንም በ200 አትጋልበውም።

የብረት መቀመጫ

"ይሄ ሁሉ ወሬ ነው፣ ውድድሩ የታለ?" ለሚል አንባቢ፣ ውድድሩ አለ። አሜሪካ ውስጥ "አይረን በት" የሚባል ማኅበር አለ። በጨዋ አማርኛ "የብረት መቀመጫ" እንደማለት ነው። የማኅበሩ አባል ለመሆን መነሻው ፈተና 1000 ማይል፣ ማለትም 1609 ኪሎ ሜትር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ መጨረስ ነው። መቐለ ደርሶ መልስ ሆኖ ትንሽ ይተርፋል። ማስረጃው ሰዓትና ቦታ የተጻፈበት የነዳጅ ደረሰኝ ነው። የማኅበሩ ትልቁ ውድድር በ1984 የተጀመረ ሲሆን 11 ቀን ይፈጃል፤ ርቀቱ 11 ሺህ ማይል ገደማ ነው።

አሁን አካፍሉት። 1609ን ለ24። መልሱ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር! የአዳማ ሚኒባስ የሚስቅበት ፍጥነት ነው። ግን 24 ሰዓት ሙሉ 67ን ጠብቆ መቆየት ብዙ ጎበዝ ጥሏል። እዚያ ሜዳ ላይ የሚያሸንፈው ጉልበት ሳይሆን ወንበር፣ መስታወት፣ የነዳጅ መጠንና መቼ ማረፍ እንዳለበት የሚያውቅ ጭንቅላት ነው።

ጨዋታው የሚያልቀው በ3 ሰከንድ ነው

ለዚህ ነው ምቾት ቅንጦት ያልሆነው። በ120 የሚሄድ ሞተር በሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል። የደከመ ነጂ ለ3 ሰከንድ ቢያሸልብ 100 ሜትር አልፏል። አንድ ሙሉ የኳስ ሜዳ፣ ከጎል እስከ ጎል ማለት ይቻላል፣ ዓይኑን ጨፍኖ! መኪና ውስጥ ያለ ሰው ቢያንስ ዙሪያውን ብረት አለው። ሞተር ላይ ያለው ያለው ነገር ጃኬትና ሄልሜት ነው።

እና ፍርዱስ? አውቶባን ላይ ለሁለት ሰዓት ከሆነ ዋንጫው የጀርመኑ ነው፤ ክርክር የለውም። ባለቤትን ከኋላ አስቀምጦ፣ ሻንጣ ሞልቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ከሆነ ጎልድ ዊንግን የሚያቆመው የለም። ሃርሊን የመረጠ ደግሞ መድረሻውን ሳይሆን መንገዱን ነው የመረጠው፤ ይሁንለት።

ሬያል ማድሪድ የማኬሌሌን ዋጋ ያወቀው ከሸጠው በኋላ ነው፤ ያስከፈለው ዋንጫ ነበር። መንገድ ላይ የሚያስከፍለው ግን ከዋንጫ በላይ ነው።