የኮርያ ጦርነት ስንት ገና አለፈበት?

«ማሽ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ትርኢት ያየ ሰው ሳቁን ያስታውሳል፤ ዘመኑን የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። እኛ ቆጥረነዋል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው የኮርያ ጦርነት በጁን 1950 ተጀምሮ በጁላይ 1953 በተኩስ ማቆም ስምምነት ቆመ። «ማሽ» ግን ከ1972 እስከ 1983 ድረስ ታየ። የሦስት ዓመት ጦርነት በዐሥራ አንድ ዓመት ሲተረክ ስፌቱ መተርተሩ አይቀርም።

ኮሎኔል ፖተር የጦር ሜዳውን ሆስፒታል ሊያዝዙ የደረሱት በሴፕቴምበር 1952 መሆኑ በትርኢቱ ውስጥ በግልጽ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ እስከ ተኩስ ማቆሙ የቀረው አንድ ገና ብቻ ነው። ፖተር ግን በ1978፥ በ1980 እና በ1981 በታዩት ክፍሎች ሦስት የገና ሰሞን ያሳልፋሉ! ይባስ ብሎ፥ በ1980 በታየ ሌላ ክፍል የ1951ን ዘመን መለወጫ እዚያው ሲቀበሉ እናያቸዋለን፤ ሊመጡ ከዓመት ተኩል በላይ ሲቀራቸው ማለት ነው። ተዋናዩ ሃሪ ሞርጋንም ፖተር ከመሆናቸው በፊት፥ በ1974፥ አእምሮው የተነካ ጄኔራል ሆነው ሰፈሩን ጎብኝተው ነበር። ኋላ ሲመለሱ «መልክዎን አውቀዋለሁ» ያላቸው የለም።

ሐኪሙ ሆክአይ በመጀመሪያ እናትና እኅት ነበሩት፤ በኋላ ግን እናቱ በልጅነቱ የሞተችበት ብቸኛ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው ራዳርም በ1963 መታተም የጀመረውን «አቬንጀርስ» የተባለ የሥዕል መጽሔት ይዞ ይታያል።

ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። ደራሲዎቹ ብዙ ነበሩ፤ ይለዋወጡም ነበር። ክፍሉም በሳምንት አንድ ቀን ታይቶ ያልፋል፤ በዚያን ጊዜ አብዛኛው ተመልካች ወደ ኋላ መልሶ የሚያመሳክርበት ቪዲዮ በቤቱ አልነበረውም። ዛሬ የዐሥራ አንድ ዓመቱን ሥራ በአንድ ሳምንት የሚጨርስ ተመልካች ስሕተቱን ወዲያው ይይዛል።

እስከዚህ ያለው ያስቃል። የማያስቀን ሌላ ነው። ትርኢቱ የተቀረጸው በካሊፎርንያ ስለሆነ ተዋንያኑ ለኮርያ ክረምት ካፖርት ደርበው በፀሐይ ያልባቸው ነበር፤ ይህም ይሁን። ነገር ግን ኮርያውያን ሆነው የሚታዩት ብዙዎቹ የጃፓን ወይም የቻይና ዘር ያላቸው አሜሪካውያን ናቸው። በመጨረሻ ክሊንገር የሚያገባትን ኮርያዊት ሱን ሊን የምትጫወተው ሮዛሊንድ ቻኦ እንኳ ቻይናዊ አሜሪካዊት ናት። የገናውን ቁጥር የረሳ ደራሲ ይቅር ይባላል፤ አንዱ የሩቅ ምሥራቅ ፊት ሌላውን ይተካል ብሎ ማሰብ ግን ከመርሳት ይለያል።

በ1951 ፑሳን ወደብ ከወረደው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጀምሮ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያች አገር ወድቀዋል። ከተረፉት ዘማቾች ካንዱ አባት ጎን ተቀምጠን ትርኢቱን ብናይ፥ የትኛውን ስሕተት አስቀድመው እንደሚያሳዩን ለመስማት በወደድን ነበር።