የልብስ ማጠቢያው ቧንቧ

አዲስ አበባ ውስጥ ከቤቱ ቧንቧዎች ሁሉ ብዙ የሚደክመው ግቢ ውስጥ ያለው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ቧንቧ ነው። ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል፣ ጀሪካን ይንጠለጠልበታል፣ ቱቦ ይሰካበታል። የወጥ ቤቱ ሲበላሽ ወዲያው ባለሙያ ይጠራል፤ የዚህኛው ጠብታ ግን ለወራት ዝም ይባላል። በየሰከንዱ አንዴ ጠብ የሚል ቧንቧ በቀን 86,400 ጊዜ ጠብ ይላል። አራቱ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ቢሆን እንኳ ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ይህን ያህል ማፍሰስ ያሳዝናል።

አሠራሩ ቀላል ነው። እጀታው ሲዞር ጥርስ ያለው ዘንግ ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ክብ ጎማ ውኃው የሚያልፍበትን ቀዳዳ ትደፍናለች። ከአፉ የሚያንጠባጥብ ከሆነ በአብዛኛው ያለቀችው ጎማዋ ናት፤ ከእጀታው ሥር የሚያፈስ ከሆነ ዘንጉን የከበበው ማሸጊያ ላልቷል። ሁለቱም ቧንቧውን ሳይነቅሉ በጥቂት ብር ይታደሳሉ። አዲስ ጎማ ገብቶም ጠብታው ካልቆመ፣ እጀታው ያለ ልክ ከዞረ፣ ወይም አካሉ ከተሰነጠቀ ግን መቀየር ነው።

ለግቢ ገንዳ አሁንም ይህንኑ ባለ ጎማ ዓይነት እመርጣለሁ። ጠፍቶ የቆየ ውኃ ሲመለስ ዝገትና አሸዋ ይዞ ይመጣል። እጀታው ሩብ ዙር ብቻ የሚዞረው አዲሱ ዓይነት ውስጥ ሁለት የሴራሚክ ገጾች ተጋጥመው ይንሸራተታሉ፤ አሸዋ ከጫራቸው ውስጡ እንዳለ ይቀየራል እንጂ በአንዲት ጎማ አይድንም። ሲገዙ የጥርሱን የውስጥ ጠርዝ ማየት ይበጃል፤ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፣ አመድማ ከሆነ ግን ቶሎ የሚሰነጠቅ የዚንክ ቅይጥ ሊሆን ይችላል። አሮጌውን ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ደግሞ ከስህተት ያድናል፤ «ግማሽ ኢንች» የሚባለው ጥርስ በውጭ ሲለካ ወደ 21 ሚሊ ሜትር ይጠጋልና በማስመሪያ የለካ ሰው ይሳሳታል።

ከመንቀል በፊት ውኃው ከቆጣሪው ይዘጋል። ሮቶ (የውኃ ማጠራቀሚያ) ያለው ቤት የሮቶውንም መስመር መዝጋት አለበት፤ ይህን የረሳ ቤቱን ውኃ ያጥለቀልቅበታል። ከዚያ ቧንቧው ተከፍቶ የቀረው ውኃ ይፈሳል።

የሚያስፈራው መንቀሉ ነው። አሮጌ የብረት መስመር ግድግዳ ውስጥ ዝጎ ሊሆን ስለሚችል፣ በጉልበት የዞረ ቧንቧ መስመሩ የሚታጠፍበትን ክርን ሰብሮ ይወጣል፤ ያኔ ግድግዳ መፍረሱ ነው። ስለዚህ በአንድ መፍቻ የኋላውን መስመር አጥብቆ ይዞ፣ በሌላው ቧንቧውን ወደ ግራ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። እምቢ ካለ ጥርሱ ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ ማሳደር እንጂ መታገል አያዋጣም።

ከተነቀለ በኋላ ባልዲ ደግኖ ውኃውን ለአፍታ መልቀቅ የተጠራቀመውን ዝገት ያስወጣል፤ ይህን የዘለለ አዲሷን ጎማ በመጀመሪያው ቀን ያስበላል። ውኃው እንደገና ተዘግቶ፣ የግድግዳው ጥርስ ተጠርጎ፣ አዲሱ ቧንቧ ጥርስ ላይ ቴፍሎን ይጠቀለላል። ጫፉን ወደ ራስ አዙሮ ሲታይ አጠቃለሉ የሰዓት ቀስት በሚዞርበት አቅጣጫ መሆን አለበት፤ በተቃራኒው የተጠቀለለ ሲጠብቅ ይገፈፋል። ስድስት ሰባት ዙር ይበቃል። መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎም በጨርቅ በተሸፈነ መፍቻ ይጠብቃል። አፉ ወደ ታች ከሚያይበት ቦታ ካለፈ ወደ ኋላ መመለስ ቴፍሎኑን ያላላዋል፤ ነቅሎ እንደ አዲስ መጠቅለል ይሻላል።

ውኃው ቀስ ተብሎ ይከፈት። ደረቅ ሶፍት በመጋጠሚያው ዙሪያ ሲታሽ ከረጠበ ውኃው ተዘግቶ ቴፍሎኑ እንደ አዲስ ይጠቀለላል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም አንዴ ደግሞ መዳሰስ ያስፈልጋል፣ ቀጭን ፍሳሽ ቶሎ አይታይምና።