ውሃ የሚያስገባ፣ የማይሰጥም

ላንቻ አካባቢ ቡና ላይ የባሕር ወሬ ከተነሣ መድረሻው ምጽዋና አሰብ ነው። በዕድሜ የገፉት የባሕር ኃይሉን ነጭ ልብስ ያስታውሳሉ፤ ወጣቶቹ ስለ ወደብ ይከራከራሉ። ስሙን ከባሕር የወሰደ፣ የራሱ መርከብና መርከብ ሠሪ ያለው ከተማ እዚሁ አገር ውስጥ እንዳለ ግን ትዝ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

ከተማው ባሕር ዳር ነው። ለአካባቢው ሰው ጣና «ባሕሩ» ነው፤ ሐይቅ የሚለው የጂኦግራፊ መምህሩ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ከፍታው 1,800 ሜትር ግድም ነው። ስለ ገዳማቱ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ስላለው የነገሥታት አፅም፣ ስለ ጎርጎራ ወደብ ማንኛውም አስጎብኚ ይናገራል። 

አስጎብኚ ፎቶ አስነሥቶ የሚያልፈው ግን ታንኳውን ነው።

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ የጥንት ግብፆች ወረቀት የሠሩበት ፓፒረስ ማለት ነው። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ፊቱ ሹል ሆኖ ወደ ላይ ይቀናል። ምስማር የለው፣ ሣንቃ የለው። ቀዛፊው ረጅም ዘንግ ይዞ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይገፋል። ከዘጌ የማገዶ እንጨት ለገበያ ሲያመላልስ የኖረው ይኸው ታንኳ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚሄደው እንግዳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰውም መጀመሪያ የተሳፈረ ቀን ከሥሩ ውሃ ሽቅብ ሲመጣ አይቶ ብድግ አለ። ቀዛፊው «ቁጭ ይበሉ እንጂ ጋሼ፣ ውሃው ምንም አያደርግም!» አለው። እውነቱን ነበር። የእንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው፤ ከተበሳ አለቀለት። ታንኳ ሆድ የለውም። የእያንዳንዱ ደንገል ውስጥ አየር በቋጠረ ለስላሳ ነገር የተሞላ ነው፤ የሚያንሳፍፈው ራሱ አገዳው ነው። በነዶዎቹ መካከል ውሃ ቢገባም የሚያሰጥመው ነገር የለም። ቀዛፊው ከላይ ሌላ ነዶ አንጥፎ የሚቀመጠው ልብሱ እንዳይርስ ብሎ ነው። ታንኳን የሚገለብጠው ውሃ ሳይሆን ፎቶ ለመነሣት የሚቆም እንግዳ ነው።

ይህን ያልተረዱ ምሁራንም ነበሩ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በፓፒረስ መርከብ አትላንቲክን አቋርጣለሁ ሲል፣ በሁለት ሳምንት በስብሶ ይሰጥማል ያሉት ብዙ ናቸው። ሰውየው ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች ጊዛ ፒራሚዶች ሥር አሰሩለትና «ራ» ተብላ በ1969 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮ ተነሣች። ስምንት ሳምንት ያህል ተጉዛ ባርባዶስ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ሄየርዳልና ባልደረቦቹ ጥለዋት ወጡ። የጎዳት የደንገሉ መበስበስ አልነበረም። በጥንቱ የግብፅ ሥዕል ላይ ወደ ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ ገመድ አለ። ገመዱ ቁልምሙን ለማስያዝ ብቻ መስሏቸው አነሡት። ለካ ጭራውን እንደ ደጋን ወጥሮ የሚይዘው እሱ ኖሯል፤ ሲጎድል የመርከቧ ኋላ እያደር ወደ ውሃው አዘነበለ። በዓመቱ የቦሊቪያ አይማራዎች፣ እንደገና በኢትዮጵያ ደንገል፣ «ራ 2»ን ሠሩ። በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

የጣና ደንገል አትላንቲክን ተሻግሯል ማለት ነው። ይህን የሚናገር ሰሌዳ በሐይቁ ዳር ቢተከል ምን ነበረበት?

በጣና ዙሪያ የዚህ ሙያ ዋና ባለቤቶች ነገደ ወይጦ ናቸው። ጉማሬ አዳኝነታቸው ዛሬ ታሪክ ሆኗል፤ የደንገል እጃቸው ግን አለ። ስማቸውን ለስድብ የሚጠቀም ሰው የሚሳደበው በአገሪቱ ጥንታዊ መርከብ ሠሪዎች ላይ መሆኑን ይወቅ። ደንገሉም እየሳሳ ነው፤ ዳርቻው ይታረሳል፣ ይታጨዳል፣ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ተጨምሮበታል። እንግዳ የጫኑ የሞተር ጀልባ ነጂዎችም ታንኳ አጠገብ ሲደርሱ ፍጥነት ቢቀንሱ መልካም ነው፤ ማዕበሉ ቀዛፊውን ጭነቱን ያስጥለዋል።

ታንኳን ለማየት የሚሻ በጧት ወደ ዳርቻው ይውረድ። ታንኳ ቀን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ፣ ሥራው ሲያበቃ ከውሃ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው ከወራት አያልፍም። ዛፍ ተደግፎ የቆመ ታንኳ ሥር አሸዋው ርሶ ይታያል። አጠገቡ ደግሞ ለሚቀጥለው የታጨደ አረንጓዴ ደንገል ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።