ስለ ኮምፒዩተር መዝገብና ስለ መርማሪው

የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ሒሳቡ በብዕር እየተጻፈ በመዝገብ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ በአራዳና በፒያሳ ሒሳቡን በኮምፒዩተር የሚይዝ ነጋዴ ብዙ ነው። ኮምፒዩተሩም በበኩሉ «ሎግ» የተባለ መዝገብ ይጽፋል፤ ይኸውም የትኛው ፕሮግራም በስንት ሰዓት እንደ ተነሣና እንደ ወደቀ በየመስመሩ ያሰፍራል።

የመዝገብ ጥቅም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ታይቷል። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰው ብልሽት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ መንቀሳቀሱ ተገልጿል። ባንኩ ወሳጆቹን ለይቶ አብዛኛውን ገንዘብ ለማስመለስ የቻለው እያንዳንዱ ዝውውር ተመዝግቦ ስለ ተገኘ ነው።

ሎግ እጅግ ስለሚረዝም ሰው አንብቦ አይዘልቀውም፤ ስለዚህ የውድቀት ምልክቶችን የሚፈልግ መርማሪ ፕሮግራም ይሠራለታል። መርማሪው ራሱ ጉድለት ካለበት ግን ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

አንደኛው ጉድለት የሜሞሪ ብክነት ነው። 4 ጊጋባይት መዝገብ በአንድ ጊዜ ጠቅልሎ የሚያነብ መርማሪ፥ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ኮምፒዩተር ላይ የዓመቱን ደብተር ሁሉ በአንዲት ጠረጴዛ ላይ እንደሚዘረጋ ጸሐፊ ነው። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ሜሞሪ ሲያልቅ ሥርዓቱ አንዱን ፕሮግራም መርጦ ያስቆማል፤ የሚቆመውም የሽያጩ ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ መስመር በመስመር አንብቦ የሚፈለገውን ብቻ መያዝ ነው።

ሁለተኛው፥ «ስሕተት አልተገኘም» የሚለውን መስመር «ስሕተት» የሚል ቃል ስላለበት ብቻ እንደ ውድቀት መቍጠር ነው። ቃሉ ሳይሆን የመስመሩ ሙሉ መልእክት ሊመዘን ይገባል።

ሦስተኛው፥ መዝገቡ ሲሞላ ሥርዓቱ ስሙን ለውጦ አዲስ ይከፍታል፤ መርማሪው ግን አሮጌውን ሲጠብቅ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ መዝገብ መከፈቱን እየተመለከተ እንዲሻገር መታዘዝ አለበት።

አራተኛው የሰዓት ልዩነት ነው። ብዙ መዝገቦች የሚጻፉት በዓለም አቀፍ ሰዓት ሲሆን የአዲስ አበባ ሰዓት በ3 ሰዓት ይቀድማል። በመዝገቡ 18፡00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ለደረሰ ብልሽት የቀኑን ገንዘብ ተቀባይ ይወቅሳል።

እንግዲህ ነጋዴው መርማሪውን ከማመኑ በፊት 10 ውድቀቶች ብቻ እንዳሉበት የታወቀ አነስተኛ መዝገብ ይስጠው። መርማሪው እነዚያኑ 10 ለይቶ ካወጣ በሥራ ላይ ይዋል፤ ቢያጐድል ወይም ቢያበዛ ግን ወደ ሠሪው ይመለስ።