ከፍሬሙ ጀርባ

እናቴ ያረፈች ጊዜ እስራኤል፣ ገዴራ ካለው ቤቷ ግድግዳ በመጨረሻ ያወረድኩት የሦስቱን ወታደሮች ፎቶ ነበር። ሳሎኑን የሞሉት የልጅ ልጆቿ ፎቶዎች ናቸው፤ ሁሉም የእስራኤልን ጦር፣ የጻሃልን ልብስ ለብሰው፣ ጠመንጃ አንግተው የተነሡት። በነሱ መካከል ሦስት ሐበሾች በጥቁርና ነጭ ቆመዋል። አጠገባቸው ትልልቅ ጋኖች ተደርድረዋል፤ መካከል ላይ ያለው ሰው አንድ እጁን ከጋን ክዳን ላይ አሳርፏል። እሱን «ወታደሩ አጎት» እንለው ነበር። ጋን ስላለ ፎቶው ጎንደር የተነሣ ነው ብለን ደምድመን ነበር። እናታችንን «ማነው?» ስንላት «ወታደር ነው» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። እኛም አልገፋንበትም። ቤተ እስራኤል የምንባለው የኢትዮጵያ አይሁዶች ወደ እስራኤል በመጣንበት በዘመቻ ሙሴ ጊዜ በሱዳን በኩል በእግሯ ስትወጣ ከቀሚሷ ጥልፍ ውስጥ ሰፍታ ያመጣችው ነገር መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ጉዳዩን የቀሰቀሰው የእህቴ ልጅ ነው። እዚህ አገር ልጆች በባር ሚጽቫቸው ዓመት ትምህርት ቤት የቤተሰባቸውን ሥር እንዲፈልጉ ይታዘዛሉ፤ «አቮዳት ሾራሺም» ይሉታል። ልጁ ፎቶውን በስልኩ ሊያነሣ ሲል መስታወቱ አንጸባረቀበትና ከፍሬሙ አወጣነው። ያን ሁሉ ዓመት ጀርባውን አይተነው አናውቅም። በደበዘዘ ሰማያዊ ቀለም «ለእህቴ ማስታወሻ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ 12/8/45።

ልጁ አማርኛውን ማንበብ አይችልም፤ ቁጥሩን ግን ይችላል። «ኦገስት 1945! ሁለተኛው የዓለም ጦርነት!» ብሎ ዘለለ። ማታውኑ ተቀምጦ «የቤተሰባችን ሰው ሂትለርን ተዋግቷል» ብሎ ጻፈ። እኔም በደስታው ተወሰድኩ። ከአገር የወጣሁት በ12 ዓመቴ ነው፤ ቀን የምቆጥረው እንደ ልጁ በፈረንጅ ነው።

ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በአማርኛ «ለእህቴ ማስታወሻ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቀኑን ስለምን በፈረንጅ ይጽፋል? ተነሥቼ ወሮቹን በጣቴ ቆጠርኩ፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር... ስምንተኛው ሚያዝያ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1945 ዓመተ ምሕረት ማለት ደግሞ በፈረንጅ አፕሪል 20 ቀን 1953 ነው። የዓለም ጦርነቱ ካበቃ ስምንት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ጠዋት ለልጁ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «ታዲያ በ1953 ከማን ጋር ነው የሚዋጉት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከኛ ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉ፤ በልጅነታቸው ወለቃ ሸክላ ሲሠሩ ያደጉ። ወለቃ ከጎንደር ከተማ አጠገብ ያለች፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራቸው የታወቁባት መንደር ናት። ፎቶውን ይዤ የወረድኩት ወታደሮቹን ያውቋቸው እንደሆን ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሰዎቹን አላዩም። መነጽራቸውን አድርገው ጋኖቹን አተኩረው ተመለከቱ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ የኛ አገር ጋን አይደለም።»

«እንዴት አወቁ እማማ?»

በአውራ ጣታቸው ጥፍር የጋኑን ቅርጽ ተከትለው ወረዱ። «የኛ አንገት አለው። ይሄ አንገት የለውም፤ ከትከሻው ላይ ነው አፉን የከፈተው። ክዳኑም ሸክላ ነው። እኛ የጠላ ጋን አፉን በጨርቅና በጭቃ ነው የምንደፍነው። ይቺን ደግሞ እያት» አሉና ሆዱ ላይ ያለችውን ነጭ የፀሐይ ነጥብ ነኩ። «ያብረቀርቃል። የኛ ሸክላ ተቃጥሎ ሲወጣ እንዲህ አያብረቀርቅም። ይሄ አንድ ነገር ተቀብቷል።» ከዚያ ቀና ብለው «የሰው አገር ነው» አሉኝ።

ያን ጋን ያ ሁሉ ሰው ሲያየው ኖሯል። ያነበቡት ግን እሳቸው ናቸው።

ወታደር የሆነችው የእህቴ ልጅ ለሻባት ስትመጣ ደግሞ ሌላ ነገር አየች። «እኛ ሰው ከየትኛው ጦር እንደሆነ የምናውቀው ከትከሻው ነው» ብላ የስልኳን መብራት አበራች። የግራው ወታደር ትከሻ ላይ ክብ ምልክት አለ፤ ውስጡ ጫፍ ለጫፍ የተነካኩ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች፣ እንደ አሸዋ ሰዓት ወገባቸው የቀጠነ። ልጆቹ የጦር ምልክቶችን አንድ በአንድ እያስተያዩ እኩለ ሌሊት አለፈ። ያገኙት የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው፤ አንድ ቀጥ ያለ 7 እና አንድ የተገለበጠ 7 ተደራርበው የሠሩት ቅርጽ። በዚያ ክፍለ ጦር ሥር የተዋጉ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የታወቁ ናቸው፤ ቃኘው ሻለቃ። ፎቶው ከኮሪያ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሣው በሚያዝያ 1943 ነው። በጅቡቲ በኩል በመርከብ ተጉዞ ፑሳን ገባ። ስሙ የጃንሆይ አባት የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው። ጣሊያን ሲወረን የመንግሥታቱ ማኅበር ዝም ብሎ ማየቱ ለጃንሆይ ያልሻረ ቁስል ነበር፤ በሰው አገር ሲደርስ እኛ ዝም አንልም ብለው ነው ጦር የላኩት። እስከ ተኩስ ማቆሙ ድረስ ሦስት ሻለቃዎች ተፈራርቀዋል፤ ሦስተኛው ሁለተኛውን የተካው ልክ በዚያ ፎቶው በተነሣበት ሰሞን ነው። ከ120 በላይ ሰዎች ወደቁ፤ አንድም አልተማረከም። አስከሬን ጥለው አለመሄዳቸውን ሳስብ ዛሬም ደረቴ ይሞላል። የሞቱት አገራቸው ተመልሰው አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ አርፈዋል።

ጋኖቹስ? ኮሪያውያን «ኦንጊ» ይሏቸዋል። አመድ ያለበት ቅብ ተቀብተው በምድጃ ይቃጠላሉ፤ ማብረቅረቃቸው ከዚያ ነው። ፀሐይ በሚያገኘው የግቢው ክፍል፣ ከፍ ባለ የድንጋይ መደብ ላይ ይደረደራሉ፤ ውስጣቸው የአኩሪ አተር ድልህና ሶስ ይብላላል። ይህን ካወቅን በኋላ ፎቶውን አጉልተን ስናይ ከወታደሮቹ ኋላ ግማሹ የወደቀ ጣሪያ አለ። የቆሙት ሰው ጥሎት የሄደ ቤት ጓሮ ውስጥ ነው። ለእማማ ወርጄ ስነግራቸው ስለ ጦርነቱ አልጠየቁኝም። «ሴትዮዋ ጋኖቿን ትታ ሄደች ማለት ነው?» አሉና ፎቶውን በቀስታ መለሱልኝ።

የቀረው የሰውየው ማንነት ነው። እናቴ ወታደር ወንድም አልነበራትም። ቂርያት ማላኪ ያለችው አክስቴ ጋ ሄድኩና ቡና ላይ ፎቶውን ከፊቷ አስቀመጥኩ። ሲኒውን ሳታወርድ ስሙን ከነአባቱ ጠራችው።

«ታውቂው ነበር?»

«እንዴት አላውቀውም! የጎረቤት ልጅ ነው፤ ክርስቲያን ነው። ከኛ ጋር ከብት ሲጠብቅ ያደገ። አባቱ ማረሻ የሚያሠራው ከአባታችን ዘንድ ነበር። ቤታችን አይበላም፣ እኛም ቤታቸው አንበላም፤ ሜዳ ላይ ግን አንድ ላይ ነን። እናትህን እህቴ ነበር የሚላት።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች።

አዲስ አበባ ያለ ወዳጄን ለመንኩት። ፎቶውን አትሞ አፍንጮ በር ወደሚገኘው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ይዞ ሄደ፤ እዚያ ካገኛቸው አዛውንቶች አንዱ በስልኩ ድምፃቸውን ላኩልኝ። ቃላቸው ቀስ ያለ፣ የተቆጠረ ነው። መካከል ያለውን አላወቁትም። በስተግራ የቆመውን፣ ትከሻው ላይ ምልክት ያለበትን፣ ግን አወቁት፤ የሻምበላቸው ሰው ነበር፤ እግሩን ቆስሎ ከሳቸው ጋር በአንድ መርከብ ተመልሷል። ስሙን ሁለት ጊዜ ደገሙልኝ፣ እንዳልሳሳት። ከዚያ ዝም አሉና «የሱ ፎቶ የለኝም። ይህንኑ ላኩልኝ» አሉ።

ቅጂውን በሚሄድ ሰው እጅ ላክንላቸው። ዋናውን ወደ ፍሬሙ ከመመለሳችን በፊት የእህቴ ልጅ በጀርባው መጻፍ እፈልጋለሁ አለ፤ በዕብራይስጥ ሳይሆን በአማርኛ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፊደሎቹን በወረቀት አሳየሁት፤ ሦስት ጊዜ ተለማመደ። ከ12/8/45 ሥር በእርሳስ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፈ። ቀጥሎ የመካከለኛውን ስም፣ ቀጥሎ የግራውን ስም ጻፈ። ለቀኙ ሰው መስመር አሰመረለትና ባዶውን ተወው።